ከመጠጥና ከጫት ለመውጣት ስልክ ሲያግዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ታላቅ ወንድሜ አረቄ ካቆመ ሦስት ዓመት አልፎታል። ያቆመው በሆስፒታል እርዳታ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡትን ምሽቶች ግን አብዛኛውን ያሳለፈው ስልኩን በእጁ ይዞ ነው። ይህን የሰሙ ሰዎች ከደጀን፣ ከቡሬ፣ ከዳንግላ፣ ከባሕር ዳር እየደወሉ ይጠይቁናል። ጥያቄያቸው ይመሳሰላል። መልሱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ጻፍኩት። ሐኪም አይደለሁም፤ የሕክምናውን ነገር ሐኪሞቹን እየጠየቅን የተማርነው ነው።

ለመሆኑ አፕ ሱስ ያስለቅቃል?

ብቻውን አያስለቅቅም። አስቀድሜ ይህን የምለው፣ አፕ ጭኖ ሦስት ቀን ሞክሮ "ለእኔ አይሆንም" ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ስላየሁ ነው።

ሕክምና ላይ ሲጨመር ግን ያግዛል። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤ-ቼስ የሚባል አፕ ሠርተው ነበር። የጥናቱ ውጤት በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ለአልኮል ሱስ ተኝተው ታክመው የወጡ 349 ሰዎች ተሳተፉ። አንዱ ቡድን የተለመደውን ክትትል ብቻ አገኘ። ሌላው በተጨማሪ አፑ ያለበት ስልክ ለ8 ወር ተሰጠው። ስልኩን ያላገኙት በ30 ቀን ውስጥ በአማካይ 2.75 ቀን ከልክ በላይ ጠጥተዋል። ያገኙት ደግሞ 1.39 ቀን። ግማሽ ያህል ቀነሰ ማለት ነው።

ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ ታክመዋል። ስልኩ የመጣው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ነው። የሚከብደውም ያ ነው። ሆስፒታል ውስጥ አረቄ የለም፤ ሐኪም አለ፣ ነርስ አለ። ሰፈር ስትመለሱ ጠላ ቤቱ እዚያው ነው፣ ጓደኞቹም እዚያው ናቸው።

ሐኪም የሚያዝዘው አፕ አለ ይባላል። እውነት ነው?

አዎ፣ ነበረ። በመስከረም 2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሪሴት የሚባል አፕ በሐኪም ትእዛዝ እንዲሰጥ ፈቀደ። የ12 ሳምንት ሥልጠና ነበር፤ ከሕክምና ጋር አብሮ የሚወሰድ። የሠራው ኩባንያ ግን በ2023 እ.ኤ.አ. ለኪሳራ አመለከተ። እኔ ከዚህ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፦ አፕ ድንገት ሊጠፋ ይችላል። አስፈላጊ የምትሉትን ማስታወሻ ደብተር ላይም ገልብጡት።

ታዲያ አፑ የሚያደርገው ምንድን ነው?

አብዛኞቹ የሚሠሩት ተቀራራቢ ነገር ነው። ያቆማችሁበትን ቀን ይቆጥራሉ። ጠዋት "ዛሬ አልጠጣም" የሚል ቃል ያስገባሉ፣ ማታ እንዴት እንደዋላችሁ ይጠይቃሉ። ሐራራ ሲመጣ የት እንደነበራችሁ፣ ከማን ጋር፣ ምን ተሰምቷችሁ እንደነበር ትመዘግባላችሁ። ያላወጣችሁትን ብር ይደምራሉ። አንዳንዶቹ የጭንቅ ቁልፍ አላቸው፤ ስትነኩት አስቀድማችሁ የመረጣችሁት ሰው ጋ ይደውላል።

ከእነዚህ ሁሉ እኔ የማስቀድመው የሐራራ መዝገቡንና የጭንቅ ቁልፉን ነው። ቀን መቁጠሩ ደስ ይላል፣ ግን ብዙ ሥራ አይሠራም። ሐራራ እንደ ማዕበል ነው። ይነሳል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ይበርዳል። ሰው የሚሸነፈው የማያልፍ ስለሚመስለው ነው። ወንድም ጋሼ ስልኩ ላይ 20 ደቂቃ ሞልቶ ከቤት ይወጣና ወደ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ በእግሩ ይሄድ ነበር። ስልኩ ሲጮህ ይመለሳል። አንዳንድ ቀን ሁለቴ ደርሶ ይመለሳል።

አፑ "ዛሬ ጀምር" ይለኛል። በአንዴ ቁርጥ አድርጌ ላቁም?

በየቀኑ አረቄ ወይም ብዙ ቢራ የምትጠጡ ከሆነ፣ ሐኪም ሳታማክሩ አታድርጉት። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አልኮል የለመደ ሰውነት ድንገት ሲከለከል ሊታመም ይችላል። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ባሉት ከ6 እስከ 24 ሰዓታት እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማስመለስ፣ እንቅልፍ ማጣት ይጀምራል። በአንዳንዱ ሰው ላይ በአንደኛውና በሁለተኛው ቀን እንደ የሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ይመጣል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ያሉበትን አለማወቅ ሊከተል ይችላል። ይሄ ይገድላል። ሆስፒታል ውስጥ ግን በመድኃኒት ይታከማል፤ ዲያዜፓምና ቫይታሚን ቢ1 እየሰጡ ቀስ ብለው ያሻግሩታል።

ስለ ጸበልም የሚጠይቁኝ አሉ። እኛም ቤት ጸበል ተገብቷል፤ ለወንድሜ ብርታት ሆኖታል። ነገር ግን በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ጸበል ቦታ ሄዶ በዚያው ቀን ሲያቆም፣ የሚመጣው መንቀጥቀጥና መቃዠት እንደ ሌላ ነገር ሊታይ ይችላል። ሐኪም ያስፈልገዋል። ሁለቱ አይጣሉም። መጀመሪያ ሐኪም ይየው፣ ከዚያ ጸበሉን ይጠመቅ።

መንፈራገጥ ወይም መቃዠት ከጀመረ አፕ አትክፈቱ። ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ጫትስ? አፖቹ ጫት የሚል ምርጫ የላቸውም።

"ሌላ" የሚለውን ምረጡና ስሙን ራሳችሁ ጻፉ። ይሠራል።

የጫት ማቆም እንደ አልኮሉ ሕይወት ላይ አይመጣም። ቢሆንም ቀላል አይደለም። ድካም፣ መደበት፣ ብዙ መተኛት፣ ብዙ መብላት ይኖራል። ከሁሉም የሚያስቸግረው ዱካክ፣ ማለትም ሌሊት የሚያስጨንቀው ቅዠት ነው። ሌሊት እየተጨነቀ የሚነሳ ሰው "ከምሰቃይ ልቃም" ይላል። ስለዚህ ጠዋት ስትነሱ ዱካኩን ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ እየሰጣችሁ መዝግቡት። ቁጥሩ እየወረደ ሲሄድ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። በጨለማ ውስጥ ሆኖ ለውጥ አይታይም፤ ተጽፎ ግን ይታያል።

ባሕር ዳር ያሉ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚነግሩኝ ደግሞ ስለ ጨብሲ ነው። ከሰዓት ይቃማል፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ይጠጣል። ከዚያ "መጠጥ ነው ያስቸገረኝ" ብለው የመጠጥ አፕ ይጭናሉ፤ ጫቱን አይነኩትም። እንዲህ አይሆንም። ማታ የሚጠጣው ቀን ስለተቃመ ነው። ሁለቱንም ለየብቻ መዝግቡ፣ የቱ የቱን እንደሚጎትት በሁለት ሳምንት ውስጥ ታውቃላችሁ። ሲጋራው ያለው ደግሞ እሱንም ይጨምር፤ ጫት ላይ የሚጨሰው ብዙ ነው።

አፑ "ስንት ድሪንክ ጠጣህ?" ይላል። በመለኪያ እንዴት ልቁጠረው?

ይሄ እኛንም አደናግሮናል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ መደበኛ መጠጥ የሚለው 10 ግራም ንጹሕ አልኮል ያለውን ነው። አንድ ባለ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ከዚያ ትንሽ ይበልጣል። ዳግም አረቄ 45 በመቶ ገደማ አልኮል ሊኖረው ይችላል። 30 ሚሊ ሊትሩ ብቻ ከ10 ግራም አያንስም። ስለዚህ አንድ ትልቅ መለኪያ አረቄ ከአንድ ቢራ እኩል ሊሆን ይችላል። "ሦስት መለኪያ ብቻ ነው" የሚል ሰው ይህን አያውቅም። ጠላ ግን ከቤት ቤት ይለያያል፤ ቁጥር መስጠት አይቻልም። በጣሳ ወይም በብርጭቆ መዝግቡት። ዋናው ነገር መስፈሪያውን አለመቀያየር ነው።

ማስታወሻውን በስንት ሰዓት ልሙላው?

እናንተ በምትቸገሩበት ሰዓት። ለወንድሜ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነበር። ሥራ አልቋል፣ ቤት ገና አልተገባም፣ መንገዱ በጠላ ቤቶቹ በኩል ነው።

እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ስልኩ የሚያወራው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ወንድም ጋሼ 12 ብሎ ሞላና ቀን በ6 ሰዓት ሥራ ላይ ጮኸበት። ማታ ደግሞ ዝም አለው። ያን ዕለት ጠጥቶ ገባ። የእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ስልኩ ላይ 18፡00 ነው። የእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት 19፡00 ነው። ስልኩን በ24 ሰዓት አቆጣጠር አድርጉትና ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሆነ 6 ደምሩ፤ ከምሽቱ 1 እስከ 5 ሰዓት ከሆነ ደግሞ 18 ደምሩ።

ቀኑም እንደዚሁ ነው። በእኛ አገር ፈተናው ከሳምንቱ ይልቅ ከወሩ በዓል ጋር ይሄዳል። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 ባለወልድ። የጽዋ ማኅበር ያለበት ሰው ቀኑን ያውቀዋል። ቤቱ ሞልቷል፣ ጠላው ቀርቧል፣ "እንዴ፣ የማኅበሩን ጽዋ?" የሚል አለ። አፑ ውስጥ "በየወሩ አስታውሰኝ" ብላችሁ ብትሞሉ ግን ይስታል። ሚካኤል በፈረንጅ አቆጣጠር እንደ ወሩ ከ18 እስከ 23 ባለው ይዋልላል። መላው ቀላል ነው፦ "በየ30 ቀኑ" ብላችሁ ሙሉ። የእኛ ወር ሁሌም 30 ቀን ነው። ጳጉሜን ሲያልፍ ብቻ መስከረም ላይ እንደገና አስተካክሉት።

ማስታወሻው ላይ የሚጻፈውም ቃል አለ። "አትጠጣ" አትበሉ። የምታደርጉትን ጻፉ። የወንድሜ እንዲህ ይላል፦ "ዛሬ ማኅበር ነው። ዳቦውን ብላ፣ ውኃ ጠይቅ፣ ቀድመህ ውጣ። ለሙሴው ነግረኸዋል።" በእርግጥም ለማኅበሩ መሪ፣ ለሙሴው፣ አስቀድሞ ነግሯቸው ነበር። እሳቸውም ከዚያ ወዲህ ሳይጠየቁ ብርዝ ያስቀምጡለታል፤ ያልፈላ፣ ማርና ውኃ ብቻ። እኔ ይህን ሳስብ አሁንም ደስ ይለኛል።

ኢንተርኔት ሲቋረጥስ?

ከሐምሌ 2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ አፕ ስትመርጡ መጀመሪያ ይህን ፈትኑ፦ ከጫናችሁት በኋላ ዳታውን አጥፉና ክፈቱት። ካልተከፈተ ተዉት። ቀን ቆጣሪና መዝገብ ያለ ዳታ መሥራት አለበት።

የምትወዱትን ሰው ድምፅ ቀድታችሁ ስልኩ ላይ አስቀምጡ። ልጃችሁ፣ እናታችሁ፣ የነፍስ አባታችሁ። አንድ ደቂቃ ይበቃል። ኔትወርክ አይፈልግም። እንግሊዝኛ ለማያነብ ሰውም ይሄ ከማንኛውም አፕ ይሻላል።

ስማርት ስልክ የለኝም፤ ባለ ቁልፍ ነው የምይዘው።

አይከለክላችሁም። ማንቂያ ደወል አለው፣ መልእክት አለው፣ መደወያ አለው። በእንግሊዝ አገር 5,800 አጫሾችን ያሳተፈና በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነበር። የተጠቀመው አጭር የጽሑፍ መልእክት ብቻ ነው። ከስድስት ወር በኋላ የሚያበረታ መልእክት ሲደርሳቸው ከነበሩት 10.7 በመቶው ማጨስ አቁመው ተገኙ። ከሌሎቹ 4.9 በመቶው። ይህም በቃላቸው ብቻ ሳይሆን በምርመራ ተረጋግጦ ነው።

እናንተም ልትሠሩት ትችላላችሁ። አንድ እህት ወይም ጓደኛ በየቀኑ በዚያች ሰዓት አንድ መስመር ይላክላችሁ። "ዋልክ ወይ?" ይበቃል። እኔ ለወንድሜ ለአራት ወር ልኬያለሁ። የመለሰው አብዛኛውን ጊዜ "ውያለሁ" ብቻ ነው። ያልመለሰበት ቀን ሄጄ ፈልጌዋለሁ።

ሰው ቢያውቅብኝስ?

ይህ ፍርሃት ትክክለኛ ነው። ከተማችን ትንሽ ናት፣ ስልክም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። "እስቲ ፎቶውን አሳየኝ" ሲባል ስልኩ ይሰጣል፤ ያኔ ከላይ "35ኛ ቀንህ ነው!" የሚል ብቅ ይላል። ስለዚህ መልእክቱ ስክሪኑ ላይ እንዳይታይ ከስልኩ ማስተካከያ አጥፉት። አፑን በቁልፍ ዝጉት። እውነተኛ ስማችሁን አታስገቡ። አድራሻ መዝገባችሁን ወይም ያላችሁበትን ቦታ ልይ ካለ፣ የግድ ካልሆነ አትፍቀዱለት።

ኩባንያዎቹስ? በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሞኑመንት በተባለ የአልኮል ሱስ ሕክምና አገልግሎት ላይ እርምጃ ወስዷል። ኮሚሽኑ እንዳለው ድርጅቱ እስከ 84,000 የሚደርሱ ሰዎችን መረጃ ለማስታወቂያ ድርጅቶች አሳልፎ ሰጥቷል፤ ምስጢር እጠብቃለሁ እያለ። በእኛ አገርም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ሆኖም ባሕር ማዶ ያለ ኩባንያን ከዚህ ሆኖ መጠየቅ ቀላል አይደለም። አፑ ላይ ቢወጣ የሚያሳፍራችሁን ዝርዝር አትጻፉ። እሱን ለሐኪሙ በቃል ንገሩት።

ያስቀረሁትን ብር አፑ ይደምርልኛል። ምን ላድርገው?

ስክሪን ላይ ያለ ብር ብር አይደለም። በዚያው ቀን ወደ ሌላ ቦታ አሻግሩት፤ በቴሌብር ሳንዱቅ ቁጠባ ወይም በቤት ዕቁብ። እንደኪሴን የመሰለ ብድር ስልካችሁ ላይ ካለ ደግሞ ለጊዜው ራቁት። ኪስ ባዶ መሆኑ አንዳንድ ቀን ያድናል።

ሠላሳ ቀን ሞልቼ ጠጣሁ። ቆጣሪው ዜሮ አለ።

ብዙ ሰው አፑን የሚያጠፋው ያን ዕለት ነው። አታጥፉት። ሠላሳው ቀን አልጠፋም። አልጠጣችሁም ነበር፣ ልጆቻችሁ አይተዋል።

ወንድሜ መጀመሪያ የሞከረው በሁዳዴ ነበር። 55 ቀን ጾመ፣ አንድ ጠብታ አልቀመሰም። ለፋሲካ ሌሊት ግን "አሁንማ ተችሏል" አለ። በሦስተኛው ቀን ከበፊቱ ብሶበት ነበር። እዚህ ላይ አደጋም አለ፤ ሰውነት ከለመደው ወርዷል፣ የድሮውን ያህል መጠጣት ይጎዳል። በሁለተኛው ሙከራው ለፋሲካ ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ ተዘጋጀ። የበዓሉን ሦስት ቀን እናታችን ቤት እንዲውል አደረግን። እማማም ጠላ ሳትጠምቅ ዋለች፤ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ።

አፑ ዜሮ ማለቱ ካናደዳችሁ፣ ሌላ አሠራር አለ። ደብተር ላይ "በዚህ ዓመት ያልጠጣሁባቸው ቀናት" ብላችሁ ጻፉ። እሱ ቁጥር ወደ ኋላ አይመለስም። ከጠጣችሁበት ቀን በፊት ያሉትን ሦስት ቀናት መዝገብ ደግሞ መልሳችሁ አንብቡ። ነገሩ ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ አለ።

ባለቤቴ ነው የሚጠጣው። ስልኩን ልከታተል?

ሰርቃችሁ አትዩ። አንዴ ከደረሰበት መዋሸት ይጀምራል፤ ለአፑም ለእናንተም። ይልቅ ራሱ እንዲያሳያችሁ በሳምንት አንድ ቀን ተስማሙ። የጭንቅ ቁልፉ ላይ የማን ቁጥር ይግባ? የሚስት የግድ መሆን የለበትም። የማይቆጣ፣ ሌሊትም የሚያነሳ ሰው ይሁን።

እኔ አረቄ አውጥቼ ነው ልጆቼን የማሳድገው። እንዴት ነው የማቆመው?

ይህን የጠየቀችኝ አንዲት እናት ናት። መልሱ ከባድ ነው። አረቄ ስታወጣ ትቀምሳለች፣ ደንበኛ ሲጋብዛት እምቢ ማለት ይቸግራታል። አፕ "ከመጠጥ ራቅ" ይላታል፤ መጠጡ ግን ጓዳዋ ነው። ለእሷ ማስታወሻው ለቅምሻው ሰዓት ነው መሞላት ያለበት። የምትቀምስላት ሴት ብታገኝ አንድ ነገር ነው። ቀስ በቀስ ወደ እንጀራ ወይም ዳቦ መሸጥ ብትሻገር ደግሞ ይበልጣል፤ ይህ ግን ገንዘብም ጊዜም ይጠይቃል። ለእንደዚህ ዓይነት ሴቶች የተሠራ አፕ እስካሁን አላየሁም። ቢሠራ ደስ ይለኛል።

የት ልሂድ? ስልኩን ለሐኪሙ ላሳየው?

ባሕር ዳር ከሆናችሁ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ በእኛ በኩል ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል። "የአእምሮ ሕክምና ክፍል" ብላችሁ ጠይቁ። ስሙ አያስፈራችሁ፤ ሱስ የሚታከመው እዚያ ነው። ሩቅ ከሆናችሁ ከጤና ጣቢያችሁ ሪፈር ይጻፍላችሁ። አዲስ አበባ ደግሞ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ።

10 ጥያቄዎች ሊጠይቋችሁ ይችላሉ፤ ኦዲት ይባላል። ነጥቡ ከ0 እስከ 40 ነው። 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አጠጣጡ ጤናን እየጎዳ ሊሆን ይችላል። እውነቱን መልሱ።

ስልኩንም አሳዩ። ወንድሜ በአንደኛው ቀጠሮው የወሩን መዝገብ ከፍቶ ሰጠው። ሐኪሙ ዝም ብሎ ወደ ታች ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ፣ ከዚያ "ማክሰኞ ማክሰኞ ምን አለ?" አለው። ወንድም ጋሼ ራሱ አላስተዋለውም ነበር። ማክሰኞ የሠራበትን ብር የሚቀበልበት ቀን ነው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ማክሰኞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲል የሥራ ቦታው በር ላይ እኔ ቆሜ እጠብቀው ጀመር።